ከጎንደር ምን ይላክ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራ ያሰብኩት የየአገሩን መጠጥ ስለ መለዋወጥ ነው። ሐዋሳ ወይ አርባ ምንጭ ወይ ሐረር ያለ ወዳጅ «የአገራችሁን ላኩልኝ፣ የእኔን እልካለሁ» ቢል፣ ከጎንደር የትኛው ይሂድ?

አብዛኛው ሰው ሳያስብ የሚያነሳው ዳሸን ቢራን ነው። አይፈረድበትም። ፋብሪካው እዚሁ ከተማችን ነው፣ ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፣ ስሙም የራስ ዳሸን ነው። ግን ዳሸን ደብረ ብርሃንም ሁለተኛ ፋብሪካ አለው፣ አገር ሙሉም ይሸጣል። ስድስት ጠርሙስ ከነመስታወቱ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ወዳጃችሁ ከሰፈሩ ግሮሰሪ የሚያገኘውን ነገር ያን ያህል ተሸክሞ መላክ፣ ለእኔ ልፋት ብቻ ነው። የግድ ቢራ ይሁን ካላችሁ የምትልኩት ስሙን ሳይሆን ትኩስነቱን ነው። ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን አንብቡ፤ ከተመረተ ወር ያልሞላውን ምረጡ፤ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ሳጥን ተዉት። ቢራ ሙቀት ሲመታው እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል፣ ብርሃን ሲመታው ደግሞ ደስ የማይል ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴው ይልቅ ከብርሃን የሚከላከለው ለዚህ ነው። ድራፍትን በጠርሙስ ቀድቶ መላክ ግን አይታሰብ፤ በማግስቱ ጋዙ ያልቅና ውሃ ይሆናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጎንደር የምትልከው፣ ሌላ ቦታ እንደልብ የማይገኝ፣ መንገድም የሚችል አንድ መጠጥ አለ፤ ኮረፌ። እኔ ኮረፌን የምመርጠው ከጠላ ስለሚጣፍጥ አይደለም፤ እሱን እናንተ ተከራከሩበት። የምመርጠው አሠራሩ ራሱ ለመንገድ የተመቸ ስለሆነ ነው።

እንዴት? ኮረፌ ሁለት ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ገብሱ ይፈተግና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ይጠነፈፋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ይህ ደረቆቱ ነው። ከብቅልና ከደረቀ ጌሾ ቅጠል ጋር በውሃ ይደፈደፍና ሸክላ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሁለተኛው ዕድሜ የሚጀምረው መጠጣት ሲፈለግ ነው። ከድፍድፉ የሚበቃው ይወሰዳል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ አንድ ቀን ያድራል፣ ይጠጣል። እንግዲህ ውሃው የሚገባው መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ውሃውን ከጎንደር አርባ ምንጭ ድረስ ማን ይሸከማል? ድፍድፉን ላኩ፤ ውሃው እዚያ አለ።

ድፍድፉን ስትመርጡ አንድ ወር ያልሞላውን አትውሰዱ። ገና እየፈላ ስለሆነ ጀሪካኑን ይነፋዋል። ሁለት ወር ያለፈው ጋብ ብሏል። ማንኪያ ስትሰዱበት ወፍራም ሆኖ፣ አረፋው ደቃቅ፣ ሽታው ኮምጠጥ ያለና የተቆላ ገብስ የሚል መሆን አለበት። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ካለ አየር ገብቶታል፤ ላዩ ላይ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካለ ደግሞ ገፎ መላክ የሚባል ነገር የለም፣ ይደፋ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከ3 ሊትር ተኩል በላይ አትሙሉ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ግማሽ ዙር መልሱት፤ ጋዙ መውጫ ያገኛል። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አቁሙት። አቁሙት ነው ያልኩት! የላላ ክዳን ያለው ጀሪካን ከተጋደመ የሌላው መንገደኛ ሻንጣ ኮረፌ ይጠጣል፣ ክርክሩም ከረዳቱ ጋር ይሆናል።

ድፍድፉ ያስፈራቸው ደግሞ ደረቁን ይላኩ። መነሻ የሚሆን ልክ አንድ እጅ ጌሾ፣ ሁለት እጅ ብቅል፣ ስድስት እጅ ደረቆት ነው። 200 ግራም ጌሾ፣ 400 ግራም ብቅልና 1 ኪሎ ከ200 ደረቆት ብትልኩ ከ7 እስከ 8 ሊትር የሚሆን መጠጥ ይወጣዋል። ሁሉም ለብቻው ይታሰር። ብቅሉ ሳይፈጭ ይሂድ፤ የተፈጨ ብቅል ከአየሩ እርጥበት ስቦ ቶሎ ይበላሻል። ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፣ ፀሐይ ላይ ይመለስ። ደረቆቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከምጣድ እንደወረደ ላስቲክ ውስጥ ማሰሩ ነው። እንፋሎቱ ላስቲኩ ውስጥ ወዝቶ ይንጠባጠባል፣ በአራተኛው ቀን ይሻግታል። ሌሊቱን ሰፌድ ላይ ተበትኖ ይደር። ቀለሙ ቡና ቢመስል ጥሩ ነው፤ ያረረ ግን አይላክ፣ የአመድ ምሬቱን ጌሾም አይሸፍነውም።

የወይራ ፍልጥስ? እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዕቃውን በወይራ ማጠን ለጠላም ለኮረፌም ጣዕም ነው፣ ሦስት አራት ፍልጥ ቢላክ ወዳጅ ደስ ይለዋል። ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሸክላ አለህ ወይ? ሸክላ የሌለው ሰው የሚያጥነው የፕላስቲክ ባልዲ ነው፣ ባልዲው ይቀልጣል። ባልዲ ብቻ ካለው ፍልጡን አትላኩ። ማጠቢያውን ግራዋ ለራሱ ተዉለት፣ በየደጁ አይጠፋም።

ጠላን ባለቀለት መልኩ መላክ የሚፈልግ ደግሞ ይኖራል። ጠላ ጋን ውስጥ የጀመረውን መፍላት ጠርሙስ ስለገባ አያቆምም። ልኩን ላስረዳ። አንድ ሊትር ጠላ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ቢቀር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ እርሾው ሲጨርሰው አንድ ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ደህና የሚያረፋ የጠርሙስ ቢራ ውስጥ በሊትር ያለው ሁለት ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠላው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከቀረ ቢራውን አልፏል። ደግሞ ሙቀቱን ጨምሩበት። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ 30 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ያለው ግፊት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ጠርሙስ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ምን እንደሚያገኘው አስቡት።

ስለዚህ ለጠላ የመስታወት ጠርሙስ በፍጹም አይሆንም። ሃይላንድም አይሆንም፤ የውሃ ጠርሙስ ስስ ነው፣ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። የሚሆነው የለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ገልብጣችሁ እዩት፤ መቀመጫው አምስት እግር አለው፣ ያ ቅርጽ ለጋዝ የተሠራ ነው። ጠላው ከጠለለና ከተጠጣለት ጋን ይቀዳ፣ አዲስ ከተጠመቀው አይደለም። አምስተኛ እጁን ባዶ ተዉት፣ ጠርሙሱን ጨመቅ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና ዝጉ። በየዕረፍቱ ጎኑን መጫን ነው። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ክዳኑን ትንሽ አላልቶ ማስተንፈስና መልሶ መዝጋት። ይህን የሚያደርግ ሰው አብሮ ካልተጓዘ ጠላ አትላኩ። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው።

በአውሮፕላን የሚልክ ሰው ከፍታው ያስጨንቀዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ደግሞ ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው የሚሳሳው። እዚህ የታሸገ ዕቃ ብዙም ለውጥ አያይም። ይልቅ ከቆላ ወደ እኛ የሚመጣው ነው ነፋ የሚለው። አረቄ ለመላክ ለሚያስቡ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በአንድ ሰው ከ5 ሊትር አይበልጥም፣ ከፋብሪካው በወጣበት እሽግም መሆን አለበት። በሃይላንድ የተቀዳ የዳጉሳ ዳግም አረቄ በዚያ ሕግ አያልፍም።

ጊዜውንም ምረጡ። በጥቅምት መጀመሪያ የተደፈደፈ ኮረፌ ለጥምቀት ይደርሳል። ጥር 11 ጎንደር ከየአገሩ በመጣ እንግዳ ትሞላለች፤ በ13 በ14 ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል። ጀሪካን በእጁ ይዞ የሚሄድላችሁ ሰው ከዚያ የተሻለ የሚገኝበት ሳምንት የለም።

በምላሹ ምን ይጠየቅ? ከደቡብ ቦርዴ ላኩልን አትበሉ። ቦርዴ በተሠራ በማግስቱ ጣዕሙ ይሄዳል፣ ለመንገድ የተፈጠረ አይደለም፤ እሱን ሄዳችሁ ጠጡት። ከሐረር የሐረር ቢራ ትኩሱን፣ ከጉራጌ ደግሞ የጠላ ቅመሙን ጠይቁ፣ ጠላውን ሳይሆን። ጠጅም እንደዚሁ ነው፤ ከማንም ጠጅ አትጠይቁ፣ ማሩን ጠይቁ። የካፋ ማርና የትግራይ ነጭ ማር በአንድ ጌሾ፣ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ተደርገው በሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ቢጣሉ ልዩነቱን ምላሳችሁ ይነግራችኋል። አልኮል የማይጠጣ ወዳጅ ቢኖራችሁም ያው ማር ብርዝ ይሆናል።

ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ጨምሩበት። የተደፈደፈበትን ቀን፣ ለአንድ ጣሳ ድፍድፍ ስንት ጣሳ ውሃ እንደሚገባ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያድር ጻፉ። አርባ ምንጭ ከጎንደር ይሞቃል፤ እዚህ አንድ ቀን የሚፈልገው እዚያ በግማሽ ቀን ሊደርስ ይችላል። ማታ ውሃ ከገባበት ጠዋት ቀመስ አድርጎ እንዲያይ ንገሩት።