ያለ ዳውን ፔይመንት የሚገዛ የገጠር ቤት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ በዩኤስዲኤ ብድር ያለ ዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ ቤት ይገዛል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ታክሲ ነጂ እንጂ ገበሬ አይደለሁም። ይመለከተኛል? ቤቱንስ የት ልፈልግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገበሬ መሆን አያስፈልግም። ገንዘቡን የሚያበድርዎት ባንክ ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፣ ማለትም ዩኤስዲኤ፣ ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ብቻ ቤቱ ራስዎ የሚኖሩበት፣ ቦታውም ዩኤስዲኤ ገጠር ብሎ የሚቆጥረው መሆን አለበት።

ፍለጋውን ከቤት ማስታወቂያ አይጀምሩ። የዩኤስዲኤ ድረ ገጽ ላይ ካርታ አለ። የቤቱን ሙሉ አድራሻ ከነቁጥሩ ያስገቡ፤ ቦታው ለብድሩ ይገባል ወይም አይገባም ብሎ እዚያው ይነግርዎታል። በካውንቲ ስም አይሂዱ። አንድ ካውንቲ ውስጥ ግማሹ ሰፈር ገብቶ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ኤጀንቱ «ይገባል» ቢልዎትም ራስዎ ይዩት። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አይገቡም። ወደ ቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ሸለቆ ወጣ ሲሉ ግን እንደ ሉሬይ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ይገባሉ። ሥራዎ ዲሲ ከሆነ ታዲያ፣ ከመፈረምዎ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት መንገዱን ነድተው ይሞክሩት። ርካሽ ቤት አግኝቶ ዕድሜን መንገድ ላይ መጨረስ አለ።

ዳውን ፔይመንት የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። የዋስትናው ክፍያ የብድሩ 1 በመቶ ነው፤ ብድሩ ላይ ሊደመር ይችላል። በየዓመቱ ደግሞ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ አለ። ለ250,000 ዶላር ብድር መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 73 ዶላር ይመጣል። የክሎዚንግ፣ ማለትም ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለው፣ ወጪ ለብቻው ነው።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ ወንድሜ አብሮን ይኖራል። ብድሩ ላይ የምንፈርመው እኔና ባለቤቴ ነን። የእሱ ደመወዝ ይቆጠራል?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ይቆጠራል። ብዙ ወገናችን የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ መብለጥ የለበትም። ባይፈርምም እቤት ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ገቢው ይደመራል። ወንድምሽ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ግን ከደመወዙ የሚቆጠረው በዓመት 480 ዶላር ብቻ ነው። ልጆች ዴይኬር የምታስውዪ ከሆነም ደረሰኙን ያዢ፤ ወጪው ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። የገቢው ጣሪያ በካውንቲና በቤተሰብ ብዛት ስለሚለያይ የጓደኛ ቁጥር አይሠራልሽም። «ወንድሜ እዚህ አይኖርም» በይ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። የፌዴራል ማመልከቻ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ይበቃል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ያየሁት ቤት የጉድጓድ ውሃ ነው ያለው። ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ግን ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሴፕቲክ ታንኩንም፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ባለሙያ ያሳዩት። ቦታው አልፎ ቤቱ ራሱ ሊወድቅ ይችላል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ አደገኛ ከሆነ ሳይጠገን አያልፍም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ምርመራውን ካላለፈ ቀብዴ ይመለስ» የሚል አንቀጽ ሳይገባ አይፈርሙ።