ክብሩ በሰዓቱ ደረሰላቸው? በቅርቡ ያረፉ የቤዝቦል ተጫዋቾች

[ምስል፦ የፒትስበርግ ፓይሬትስን ጥቁርና ቢጫ መለያ የለበሰ ግዙፍ ተጫዋች ከሜዳው ዳር ኳስ ሲወረውር]

ዴቭ ፓርከር ወደ ቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ እንዲገባ መመረጡን የሰማው በዲሴምበር 2024 ነው። ይህን ንግግር ለ15 ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ ብሎ ቀለደ። ንግግሩን የሚያሰማበት ቀን ጁላይ 27 ቀን 2025 እንዲሆን ተቆረጠ። ፓርከር ጁን 28 አረፈ። 29 ቀን ሲቀረው።

ዕድሜው 74 ነበር፤ የፓርኪንሰን ሕመም ለዓመታት ሲያደክመው ቆይቷል። በበዓሉ ቀን መድረኩ ላይ የወጣው ልጁ ነው። አባቱ የጻፈውን ግጥም ለሕዝቡ አነበበ።

"የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" እንላለን። ተረቱ የእኛ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ቤዝቦልም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በዚህ ቪዲዮ ከ2020 ወዲህ ካረፉት ተጫዋቾች ጥቂቶቹን እናስታውሳለን። የሁሉንም የጨዋታ ዘመን ከሀ እስከ ፐ አልዘረዝርም። የምከተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚገባቸው ክብር የደረሰው ራሳቸው እያዩ ነው ወይስ ከተቀበሩ በኋላ? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

[ግራፊክ፦ አራት ቤዞች ያሉት ሜዳ]

አሜሪካ ያላችሁ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ይጫወቱት ይሆናል፤ ዋሽንግተን ያላችሁም ናሽናልስ ፓርክን በደጁ ሳታልፉት አትቀሩም። ለጨዋታው እንግዳ ለሆናችሁ ደግሞ ይህን ያህል ይበቃል፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የመታው ሦስቱን ቤዞች ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ ነጥብ ነው። ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች ከአጥሩ ካለፈች ሆምረን ይባላል። ከ10 ሙከራ በ3ቱ ብቻ በሚገባ መትቶ ቤዝ የሚደርስ ሰው ኮከብ ነው፤ 7 ጊዜ መክሸፍ የማያሳፍርበት ስፖርት ነው።

ቤዝቦል ሁሉን ይቆጥራል። የ1910 ተጫዋች ስንት ኳስ እንደመታ ዛሬም ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ከመዝገቡ በላይ ያለው ማዕረግ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1939 የተከፈተው የዝነኞች አዳራሽ ነው። የተመረጠ ሰው ምስሉ በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ለመመረጥ ከስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ 75 በመቶ ያስፈልጋል። በዚያ በኩል ያልተሳካለት አንድ ሁለተኛ በር አለው፤ 16 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ። 12 ድምፅ ያገኘ ይገባል።

ፓርከር የገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው፤ 14 ድምፅ አግኝቶ። በዚያው ቀን 13 ድምፅ ያገኘ ሌላ ሰውም ነበር። እሱ ግን ከሞተ 4 ዓመት አልፎታል።

[ምስል፦ መነጽር ያደረገ፣ ሜዳ ላይ ሳለ እንኳ የመቺዎችን መከላከያ ቆብ ያላወለቀ ተጫዋች]

ዲክ አለን። በ1960ዎቹ በፊላዴልፊያ ፊሊስ የተጫወተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1964 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ1972 ደግሞ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሲጫወት የሊጉ ኮከብ ሆነ። ፊላዴልፊያ ላይ ግን የራሱ ቡድን ደጋፊዎች ይሰድቡት፣ ዕቃ ይወረውሩበት ነበር። ያ ቆብ ለጌጥ አልነበረም፤ ከራሱ ስታዲየም ከሚወረወርበት ነገር ጭንቅላቱን የሚከላከልበት ነው። ጋዜጦቹም አስቸጋሪ፣ አመጸኛ እያሉ ጻፉበት። ኋላ ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ እነዚያው ጋዜጠኞች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየውን አዳራሹ ደጅ ያቆመው የዱላው ድካም አልነበረም።

በ2014 ኮሚቴው ፊት ቀረበ፤ 11 ድምፅ አገኘ። አንድ ጎደለው። ቀጣዩ ስብሰባ ለዲሴምበር 2020 ተይዞ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት ተራዘመ። አለን በዚያው ዲሴምበር፣ በ7ኛው ቀን፣ በ78 ዓመቱ አረፈ። በ2021 ድምፅ ሲሰጥ እንደገና 11፤ እንደገና አንድ ጎደለው። በመጨረሻ በ2024 አለፈ፤ በበዓሉ ላይ ስለ እሱ የተናገሩት ባለቤቱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በጊዜው ደርሶለታል። ፊሊስ የአንድን ተጫዋች የመለያ ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው የሚያደርገው ሰውየው አዳራሹ ከገባ ብቻ ነበር። ክለቡ በሴፕቴምበር 2020 ይህን ልማዱን ጥሶ የአለንን 15 ቁጥር አከበረ። አለን ራሱ ተገኝቶ አይቷል። ከሦስት ወር በኋላ ሞተ። የደንብ ጠባቂዎችን እንቅልፍ የነሳ አይመስለኝም፤ ነስቶም ከሆነ ይንሳቸው።

[ምስል፦ በርሚንግሃም አላባማ፣ የሪክውድ ፊልድ አሮጌ መግቢያ]

አሁን ወደ ትልቁ ስም። ዊሊ ሜይስ ጁን 18 ቀን 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ። ከእሱ የተሻለ ሁለገብ ተጫዋች አልታየም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። 660 ሆምረን፣ 24 ጊዜ በኮከቦች ጨዋታ መሰለፍ፣ 12 ጊዜ የምርጥ ተከላካይ ሽልማት። ኃይልና ፍጥነት አንድ ሰው ላይ እንዲህ ተገናኝተው አይታዩም።

በፊልም ደጋግማችሁ የምታዩት አንድ ቅጽበት አለው። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1954፣ ኒውዮርክ፣ ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም፣ የዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታ። 2 ለ 2 ናቸው፤ ክሊቭላንድ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለው። ቪክ ዌርትዝ የመታት ኳስ ወደ መሐል ሜዳ ጥግ በረረች። ሜይስ ዞረ፣ ጀርባውን ለኳሷ ሰጥቶ ወደ አጥሩ ሮጠ፤ ከመቺው 125 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሩጫውን ሳያቆም፣ በትከሻው ላይ አሻግሮ ቀለባት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መቅለቡ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ እንደያዛት ተሽከርክሮ፣ ቆቡ ከራሱ ወድቆ፣ ወደ ውስጥ ወረወራት። ያ ውርወራ ባይኖር ሁለተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ሯጭ ሳያስቆጥር አይቀርም ነበር። የሜይስ ቡድን ጃየንትስ 5 ለ 2 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም በ4 ተከታታይ ጨዋታ ወሰደ።

[ምስል፦ የ1948 የበርሚንግሃም ብላክ ባሮንስ ቡድን ፎቶ]

የሜይስ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከኒውዮርክ አይደለም። በ1948 የ17 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በትውልድ አካባቢው ለብላክ ባሮንስ ይጫወት ነበር። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ነበር፤ ብላክ ባሮንስ ከነዚያ ቡድኖች አንዱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ክልከላውን ሰብሮ ከነጮች ጋር ከተሰለፈ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ግን ለአሥርት ዓመታት በዋናው መዝገብ አልተቆጠረም። ስንት ሺህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ፣ በኦፊሴላዊው መዝገብ እንዳልተጫወተ ሆኖ ሞተ።

ሜጀር ሊግ የሚባለው ዋናው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ እነዚያን ሊጎች እኩል ናቸው ያለው በዲሴምበር 2020 ነው። ቁጥሮቹ መዝገቡ ውስጥ የገቡት ደግሞ በሜይ 2024። በአንድ ቀን የምንጊዜውም ምርጥ የመምታት አማካይ ባለቤት ተቀየረ፦ ታይ ኮብ ወረደ፣ የጥቁሮቹ ሊግ ኮከብ ጆሽ ጊብሰን ወጣ። ጊብሰን የሞተው በጃንዋሪ 1947 ነው፤ 35 ዓመቱ ነበር፤ ሮቢንሰን በሩን ሊከፍት 3 ወር ሲቀረው። 77 ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ክብር ማለት ይህ ነው። ለሜይስም በ17 ዓመቱ የመታቸው 10 ኳሶች ተጨመሩለት፤ ድምሩ 3,293 ሆነ። እሱ ቢያንስ በሕይወት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት።

ሊጉ በዚያው ጁን በሪክውድ ፊልድ ጨዋታ አዘጋጀ። በ1910 የተከፈተ፣ ሜይስ በልጅነቱ የሮጠበት ሜዳ ነው፤ በአሜሪካ ካሉት የፕሮፌሽናል ሜዳዎች ሁሉ የሚያረጀው እሱ ነው። ጨዋታው ለጁን 20 ተያዘ። ሜይስ በ17ኛው ቀን መምጣት እንደማይችልና በቴሌቪዥን እንደሚያየው አስታወቀ። በማግስቱ አረፈ። ዜናው የተሰማው እዚያው ሪክውድ ላይ የታችኛው ሊግ ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ ነው፤ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

በ20ኛው ቀን የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወሩት የ1948 የቡድን ጓደኛው ቄስ ቢል ግሪሰን ናቸው፤ በ99 ዓመታቸው። ዳኞቹ ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ በሜጀር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ለክብር የተጋበዘው የቀድሞ ኮከብ ሬጂ ጃክሰንም በቀጥታ ስርጭት ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ። በ1967 በርሚንግሃም ሲጫወት ምግብ ቤት አላስገባ፣ ሆቴል አላሳድር ይሉት እንደነበር፣ ያንን ኑሮ ለማንም እንደማይመኝ። ዝግጅቱ ትንሽ ወደ ማማር ያዘነበለ ነበር፤ ጃክሰን ወደ እውነቱ መለሰው።

[ምስል፦ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚወረውር ወፍራም ወጣት]

ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ። ሜክሲኮ፣ ሶኖራ ግዛት ውስጥ ባለች የገጠር መንደር ከ12 ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። በ1981 በ20 ዓመቱ፣ እንግሊዝኛ ሳይችል፣ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ዋና ወርዋሪ ስለተጎዳ በወቅቱ የመክፈቻ ጨዋታ ድንገት ተሰለፈ። ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አላገኘበትም። የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች አሸነፈ። በዚያ ዓመት የምርጥ አዲስ ተጫዋችንም የምርጥ ወርዋሪንም ሽልማት ወሰደ፤ ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ሌላ ሰው እስካሁን የለም።

ትልቁ ነገር ያለው ግን ከሽልማቱ ጀርባ ነው። የዶጀርስ ስታዲየም የተሠራበት ኮረብታ፣ ቻቬዝ ራቪን፣ የሜክሲኮ ተወላጆች መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በ1950ዎቹ ተፈናቀሉ፤ መጀመሪያ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ይሠራበታል ተባለ፣ በመጨረሻ ስታዲየም ሆነ። ብዙ ሜክሲኳውያን ያንን ደጅ ላለመርገጥ ምለው ነበር። ፈርናንዶ በወረወረ ቀን ግን አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ቁስሉ ዳነ ማለቴ አይደለም፤ መሬቱ አልተመለሰም። ግን ዛሬ ስታዲየሙን ስታዩ ስፓኒሽ የማይሰማበት ጥግ የለም፤ ያንን የጀመረው እሱ ነው።

የጋዜጠኞቹ ድምፅ በሁለተኛው ዓመት ከዕጩነት አወጣው። ዶጀርስም እንደ ፊሊስ ያለ ልማድ ነበረው። ሆኖም ከ1991 ጀምሮ 34 ቁጥርን ለማንም አልሰጡም፤ በኦገስት 2023 በይፋ አከበሩት። ከ14 ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ በ63 ዓመቱ አረፈ። ዶጀርስ ዋንጫውን ከያንኪስ ጋር መጫወት የጀመረው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አሸነፈም። የድሉ ሰልፍ የወጣው ኖቬምበር 1፣ 64 ዓመት ሊሞላው በነበረበት ቀን።

[ምስል፦ ከቤዝ ወደ ቤዝ በደረቱ የሚንሸራተት ሯጭ]

ሪኪ ሄንደርሰንን በአጭሩ። ወርዋሪው ሳያስብ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ መድረስ መስረቅ ይባላል፤ እሱ 1,406 ጊዜ ሰርቋል። ሁለተኛው 938 ነው። ይህን ክብረ ወሰን የሚሰብር ሰው አላይም። አዳራሹ በ2009 ተቀብሎታል፤ የኦክላንድ ሜዳም በስሙ ተሰይሞ ነበር። ለእሱ የቀደመው ሞት የሜዳው ነው፦ አትሌቲክስ የሚባለው ቡድኑ የኦክላንድን የመጨረሻ ጨዋታ በሴፕቴምበር 2024 ተጫውቶ ከተማዋን ጥሎ ሄደ። ሄንደርሰን ዲሴምበር 20 አረፈ።

[ምስል፦ የሲንሲናቲ ሬድስ መለያ፣ 14 ቁጥር]

አስቸጋሪውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ፒት ሮዝ 4,256 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደርሷል፤ ከማንም በላይ። የሬድስ አሠልጣኝ ሳለ ግን በራሱ ቡድን ጨዋታዎች ላይ ቁማር ይጫወት ነበር። በኦገስት 1989 ዕድሜ ልኩን ታገደ። 15 ዓመት ካደ፤ በ2004 አመነ። አዳራሹም በ1991 የታገደ ሰው ለምርጫ እንዳይቀርብ ወስኖ ነበር።

ሮዝ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በ83 ዓመቱ አረፈ። በሜይ 2025 የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ ዘላቂ እገዳ በሞት ያበቃል ብሎ ወሰነ። ሮዝን ጨምሮ 17 ሙታን ከዝርዝሩ ወጡ፤ ተጫዋቾች ለመሸነፍ ገንዘብ ተቀበሉ በተባለበት የ1919 የዋንጫ ቅሌት የታገደውና በ1951 የሞተው ጆ ጃክሰንም አለበት። የኮሚሽነሩ ምክንያት የሞተ ሰው ጨዋታውን ሊጎዳ አይችልም የሚል ነው።

እኔ ውሳኔውን አልወደድኩትም። ሮዝ ጥፋተኛ ነው፤ ቁጥሩም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጽፎ በሕይወቱ ሳለ ግድግዳው ላይ መስቀል፣ ወይም ከሞተም በኋላ በእገዳው መጽናት፣ ሁለቱም የሚገባኝ አቋም ነው። ሰውየው እስኪያልፍ ጠብቆ በሩን መክፈት ግን ቅጣትም ይቅርታም አልሆነልኝም። ሮዝ ራሱ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ አዳራሹ የምገባው ከሞትኩ በኋላ ይመስለኛል ብሎ ነበር።

ጉዳዩ ኮሚቴው ፊት ሊቀርብ የሚችለው በዲሴምበር 2027 ነው። 16 ሰዎች፣ 12 ድምፅ። እናንተ ከ16ቱ አንዱ ብትሆኑ እንዴት ትመርጡ እንደነበር ከታች ጻፉልኝ።