እርማት

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ እንበል። አምስት ሳምንት ሙሉ ምንም ፖድካስት አልለቀቅኩም፣ አንዳንዶቻችሁ "ምነው ጠፋህ" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምክንያቱ ለቅሶ ነው። በዚህ ክረምት ሰፈራችን ውስጥ አራት ሰው ቀበርን። አራት! የእድሩ ድንኳን ሸራው ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ሳይደርቅ ነው የተዘረጋው፣ ሻግቷል፣ ስትገቡ ይሸታል።

የምቀዳው ከቤት ነው፣ ሐዋሳ፣ አቶቴ። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ቻሉት፣ መስኮት ከዘጋሁ ደግሞ እታፈናለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የእድራችንም ምክትል ጸሐፊ ነኝ። እድር ውስጥ ጸሐፊ የሚባለው መጻፍ የሚችለው አይደለም፣ ፕሪንተር ያለው ነው። እና ሰው ሲያርፍ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ወደ እኔ ይመጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በር ይንኳኳል፣ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ቆሟል፣ እጁ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት፣ "ቆንጆ አድርገህ ጻፍልን" ይለኛል።

የሚነበበውን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በዚህ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…" ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ "ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ"፣ ከዚያ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው"፣ ከዚያ ቀኑ። አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ካለፈ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ማጉረምረም ይጀምራል።

ጉዴን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሬ ላይ "ታሪክ" የሚባል አንድ ፋይል አለ። ሰው ሲሞት እሱን እከፍታለሁ፣ ስም እቀይራለሁ፣ የትውልድ ቦታ እቀይራለሁ፣ አትማለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ስንት ዓመት እንደዚህ ሠራሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ሐምሌ ላይ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን አረፉ። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ስም ቀየርኩ፣ አተምኩ። መቃብሩ ላይ እኔው ራሴ ቆሜ አነበብኩት፦ "የ6 ልጆች እናትና የ11 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።"

እትዬ ልጅ አልወለዱም።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት የተቀበሩት እናት ናቸው ስድስት የወለዱት፣ ቁጥሩን ሳልቀይር ቀርቼ ነው። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ "ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ" ብዬ ቀጠልኩ። አንድ ሰው ከኋላ ሳለ። በቃ፣ ሌላ ምንም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነልኝ።

በሠልስቱ ታናሽ እህታቸው ቡና ሰጡኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት "ተወው ልጄ፣ እሷ ብትሰማ ሳምንት ሙሉ ትስቅበት ነበር" አሉኝና ወደ ጀበናቸው ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ዛሬ የማወራው እርማት ነው። እርማት ስል ደግሞ በጆሮዬ "እርም ማውጣት" ይሰማኛል፣ ሁለቱ ቃላት ዘመድ ባይሆኑም ጎረቤት ናቸው። የማንንም ስም አልጠራም። የሰፈሬ ሰዎች ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ፣ ለሌላችሁ ደግሞ ስማቸው ምን ያደርግላችኋል።

ከእትዬ ልጀምር። ሐዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሞተ ማለት ከከተማዋ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ሞተ ማለት ነው። እትዬ እንደዚያ ነበሩ። "እኔ ስመጣ ይሄ ሁሉ ቁጥቋጦ ነው፣ ጅቡ በር ድረስ ይመጣል" ይሉናል፣ እኛ ደግሞ ልጆች ሆነን ጅቡን ብቻ ነው የምናስበው።

እኔ በጽሑፌ "በወቅቱ የነበረውን ትምህርት ተከታትለዋል" ብዬ አለፍኳቸው። ተከታትለዋል! ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እትዬ ሃያዎቹ ውስጥ ነበሩ፣ ፊደል አይለዩም። ቀን እንጀራ ሸጠው ማታ ቀበሌ አዳራሽ ሄደው ይማራሉ። አስተማሪያቸው አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ነበር፣ እሱን "የኔታ" ብለው እየጠሩ ያሳፍሩት እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። የምስክር ወረቀቱን ፍሬም አስገብተው ሰቅለውታል፣ ከድንግል ማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ከሥሩ ተቀምጧል። እኔም ተቀምጫለሁ።

ያንን ትምህርት ምን አደረጉበት መሰላችሁ? የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ከሠላሳ ዓመት በላይ። ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ በሳቸው እጅ ነው፣ ሁሉም ደብተር ላይ ሰፍሯል። ደብተሮቹ አሁን እኔ ጋ ናቸው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመር እየረገጠ ነው የሚሄደው። "ጭልፋ ትልቁ 2፣ አንዱ እጀታው የላላ።" "ብርጭቆ 144 ወጣ፣ 141 ገባ፣ ሦስቱን የሰበርኩ እኔ ነኝ።" ከሥሩ ሦስት ብርጭቆ የተገዛበት ዋጋ፣ ከራሳቸው ኪስ። እድር ውስጥ የኖረ ሰው ይሄ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ጋ ጭልፋ የሚጠፋው ተን ሆኖ ነው እኮ።

ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ 2012 ላይ ደረስኩ። ኮሮና የገባበት። ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ድንኳን የለም፣ ቀብር የሚሄደው ቤተሰብ ብቻ። የዚያን ጊዜ ገጾች ላይ የሟቹ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ ከጎኑ "ዕቃ አልወጣም" ይላል። ቀጥሎ ሌላ ስም፣ "ዕቃ አልወጣም"። እንደዚያ እያለ አንድ ገጽ ከግማሽ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ዕቃ ካልወጣ የሚጻፍ ነገር የለም። እሳቸው ግን ጻፉት።

ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፣ ጥሩምባ ነፊያችን። የሕይወት ታሪካቸው ላይ "እድሩን በቅንነት አገልግለዋል" የሚል አንድ መስመር ሰጥቻቸዋለሁ። ማታ ዘበኛ ነበሩ፣ ሊነጋጋ ሲል ከሥራ ወጥተው ለቅሶ ካለ ጥሩምባቸውን ይዘው ሰፈሩን ይዞራሉ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" እኛ አልጋ ውስጥ ሆነን እንቆጥራለን፣ ወደ እኛ ቤት እየመጡ ነው ወይስ እየራቁ። ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ደግሞ በዚያው ቀን ስለሚቀበር ሩጫ ነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ።

ትልቁ ችሎታቸው ግን መንፋቱ አይደለም፣ ያለመንፋቱ ነው። መርዶ እንደምታውቁት ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚነገረው። ጥሩምባ ከሽማግሌ ከቀደመ ጉድ ነው። ስለዚህ ጋሼ ከመውጣታቸው በፊት የሟቹን ዘመድ በሙሉ ማወቅ አለባቸው፣ እህቱ የት ሰፈር ናት፣ የአክስቱ ልጅ የትኛው ግቢ ነው የተከራየው፣ ተረድተዋል ወይስ ገና ናቸው። ያልተረዳ ሰው ያለበት መንገድ ላይ ሲደርሱ ጥሩምባውን ከአፋቸው አውርደው ካፖርታቸው ውስጥ ያስገቡታል፣ ኮቴያቸውን እንኳን ቀነስ አድርገው ያልፋሉ። ሦስት ቤት ካለፉ በኋላ እንደገና ይነፋሉ። የሰፈሩን የዘር ሐረግ በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይዘው ነበር ማለት ነው፣ የትም ሳይጻፍ።

ከዚያ ቴሌግራም መጣ። ሐሳቡን ስብሰባ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ዘመናዊ ነኝ ብዬ። ግሩፕ ከፈትን፣ አሁን አንድ መልእክት ለጥፈህ ሦስት መቶ ሰው ይሰማል። ጋሼ ምንም አላሉም። "እግሬም ደክሟል" ብቻ ነው ያሉት። አምና አንድ የሰፈራችን ልጅ የአጎቷን ሞት ከግሩፑ ላይ አነበበች፣ ጠዋት፣ ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ ወደ ሥራ ስትሄድ። ሽማግሌዎቹ እናቷ ቤት ሄደው ነበር፣ እሷን ማን አስታወሳት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ውኃ ገዛላት አሉ።

የጋሼንም ሞት ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ሌላ ምን ላድርግ።

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ እሁድ ጠዋት ቸርች፣ ከሰዓት በኋላ ስታዲየም። ልጅ ሆነን በር ላይ ይጠብቁናል፣ አምስት ስድስት ሆነን እንከባቸዋለን፣ ፈታሹን "ልጆቼ ናቸው" ይሉታል። ፈታሹ ያያል፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ ሁለቱ እኩያ፣ ይስቅና ያስገባናል። በቸርች ሕይወታቸው ውሸት አይናገሩም፣ ይቺን አንዷን ጌታ ይቅር ብሏቸው ይሆናል። የከተማችን ቡድን ሐዋሳ ከነማ ካሸነፈ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስደው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያስጠብሱልናል፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች አጥንት እየጠበቁ ዙሪያችንን ይቆማሉ፣ እሳቸውም እንደ አሰልጣኝ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይተነትናሉ። ከተሸነፈ በእግር ወደ ቤት፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። በ1996 ሊጉን ስንወስድ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ በ1999 ሲደገም ግን አላለቀሱም፣ "ለምደነዋል" አሉ። ሦስተኛውን ሳያዩ ሄዱ።

ልጃቸው "ስለ ኳስ እንዳትጽፍ፣ ቸርች ነው የሚነበበው" አለችኝ። አልጻፍኩም።

አራተኛው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ስለሱ ሁለት ጊዜ ቀድቼ ሁለቴም አጠፋሁት። ይቅር።

እና ይሄን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ባለፈው እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከእንግዲህ ያንን ፋይል አልነካውም፣ የሰውየውን እውነተኛ ነገር ነው የምጽፈው አልኳት፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ጥሩምባው፣ ስለ አሞራ ገደል። ዝም ብላ ሰማችኝና "የኔን እንደዚያ እንዳታደርግ" አለችኝ።

"ለምን?"

"እንደ ሰው ነው መቀበር የምፈልገው። 'ከአባታቸው ከአቶ' ብለህ ጀምር። አውራጃዬን ጥራ፣ አገሬ አለመጥፋቱን ሰው ይስማ። 'በሕክምና ሲረዱ ቆይተው' የምትለዋን እንዳትረሳ፣ ሳታሳክሙኝ የሞትኩ እንዳይመስል፣ እናንተን ነው የሚያሙት።"

ይሄ አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። እኔ የሰለቸኝ ዓረፍተ ነገር ለካ የተጻፈው ለሟች ሳይሆን ለኛ ነው፣ ቀብር ላይ ቆመን ለምንታየው።

"ስለ ሽሮዬ ማውራት ካማረህ እዚያው ሬዲዮህ ላይ አውራ" አለችኝ። ፖድካስቱን ሬዲዮ ነው የምትለው። ከዚያ አንድ ሁለት ሽንኩርት ላጠችና "ስንት ልጅ ብለህ ነው የምትጽፈው?" አለችኝ።

"አራት ነና።"

"አምስት በል።"

ቤታችን ውስጥ ከእኔ በፊት ተወልዳ የሞተች ሴት ልጅ እንደነበረች አውቃለሁ፣ ከአክስቴ ነው የሰማሁት፣ አንድም ቀን ግን በዚህ ቤት ተነስታ አታውቅም። ስሟንም አላውቅም ነበር። ጠየቅኳት።

ነገረችኝ። ጻፍኩት።

እና እንደዚያ ነው። የስልኬ ባትሪ 9 በመቶ ላይ ነው፣ መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ደህና ሁኑ።