ከመርጨታችን በፊት

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፤ ቡናው እስኪደርስ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ካቻምና ጎመኔን ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ወረረው። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጠጋ ብዬ ሳየው አመዱ ይንቀሳቀሳል። ደንግጬ ገበያ ሮጥኩ። በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስሙም መጠኑም ያልተጻፈበት መድኃኒት ገዛሁ። ሻጩ «ትንሽ ጠብ አድርጊበት» አለኝ፤ መለኪያው ይኸው ነው። ረጨሁ፣ ክሽክሹ ረገፈ። ወር ሳይሞላ ብሶበት መጣ። ያንን ጎመን ለልጅ ልጆቼ ማብላቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለምን ተመለሰ? ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሳምንት በዐሥር ቀን ወላጅ ይሆናሉ። እሷን የምትበላው፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል ተነስታ እስክታድግ ወር ገደማ ይፈጅባታል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ገደለ፤ ቀድሞ ያገገመው ክሽክሹ ነው።

ዘንድሮ ታገስኩ። የባሰበትን ቅጠል ቆርጬ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነከርኩ፤ የቀረውን በጣቴ ጨፈለቅሁ፣ በውሃ አጠብኩ። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ላይ ጥቁር፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትል መሳይ ነገር ይርመሰመሳል። የጥንዚዛዋ ልጅ ነው! ተባይ መስሏችሁ እንዳትገድሉት፤ እኔ ስንቱን ፈጅቻለሁ።

ስለ አፈሩም ልበል። ማዳበሪያ ሲባል ዩሪያ ብቻ ነው ትዝ የሚለን። ትግራይ ውስጥ በአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር አነሳሽነት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፖስት፣ ማለትም ከቅጠልና ከእበት የተብላላ ማዳበሪያ፣ የሠሩ ገበሬዎች ግን ምርታቸው ዩሪያና ዳፕ የሚባሉት የፋብሪካ ማዳበሪያዎች ከተደረጉበት ማሳ እኩል፣ አንዳንዴም በልጦ ተገኝቷል። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ መስከረም ላይ አረሙ ሁሉ ለምለም ነው፣ ጥር ላይ ግን ድርቆሽ ብቻ ይቀረናል። ደረቁን፣ እርጥቡን፣ እበቱን እያፈራረቃችሁ ከምሩ፤ ጥቂት አመድና አፈርም ነስንሱበት። መሐሉ ላይ ዘንግ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ መዛችሁ በመዳፋችሁ ያዙት፤ ትኩስና ረጠብ ያለ ከሆነ እየበሰለ ነው። ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ክምሩን ገልብጡት።

የመጀመሪያውን ክምር እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ጓሮ እንሠራለን። ላም ያላችሁ እበት፣ የሌላችሁ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ይዛችሁ ኑ። ዶማ እኔ ጋ ሁለት አለ፤ አንዱ እጀታው ይወላልቃል።