የአስቤስቶስ ካንሰርና የካሳ ጥያቄ፦ ማስረጃው እንዳይጠፋ

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ የአስቤስቶስ ቃጫዎች]

ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው ለአስቤስቶስ ብናኝ ከተጋለጠ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ሕመሙ ሲታወቅ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ የደመወዝ መዝገቡ ተጥሏል፣ አብረውት የሠሩት ግማሾቹ በሕይወት የሉም። የካሳ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በሽታው ተረጋግጦ ሳለ የመጋለጡ ማስረጃ ይታጣል።

አስቤስቶስ የስድስት ቃጫማ ማዕድናት የጋራ ስም ነው። እሳት ስለማይበላው በቦይለርና በእንፋሎት ቧንቧ ሽፋን፣ በጋስኬት (በብረት መገጣጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ በፍሬን ሸራ፣ በፍሪሲዮን፣ በሲሚንቶ ጣሪያና ቧንቧ ውስጥ ገብቷል። ካልተሰነጠቀና ካልተነካካ ስጋቱ ትንሽ ነው። ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፈገፈግ ወይም የፍሬን ብናኝ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ግን ለዓይን የማይታዩ ቃጫዎች አየር ላይ ይቀራሉ፤ ሳንባ ውስጥ ከገቡ ሰውነት ሁሉንም ሊያስወግዳቸው አይችልም። በሥራ ልብስ ወደ ቤት የገባው ብናኝ ልብሱን የምታጥበውን ሚስት ያሳመመበት ጊዜም አለ። እሷም የራሷ የካሳ ጥያቄ ሊኖራት ይችላል፤ ይህን ብዙ ቤተሰብ አያስበውም።

[ምስል፦ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ሥዕል]

ሜሶቴሊዮማ የሚነሳው ከሳንባ ወይም ከሆድ ዕቃ ስስ ሽፋን ሲሆን ሲጋራ አያመጣውም። የሳንባ ካንሰር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አስቤስቶስና ሲጋራ ሲደራረቡ አደጋው በጣም ይንራል። ካሳ የሚጠየቀው ድርጅት፣ ማለትም ተከሳሹም፣ «ያጨስ ነበር» ብሎ ይከራከራል። ማጨስ ብቻውን መብት አያሳጣም፤ ክርክሩን ግን ያከብደዋል።

ለምርመራ ከሳንባ ዙሪያ የተቀዳ ፈሳሽ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከሽፋኑ ሥጋ ተቆርጦ ናሙና ይወሰዳል፤ ሜሶቴሊዮማን ከሌላ ካንሰር ለመለየትም በልዩ ማቅለሚያ ይመረመራል። የፓቶሎጂ ሪፖርቱን (የናሙናውን የምርመራ ውጤት) ሙሉ ቅጂና የሲቲ ስካን ምስሎቹን ይቀበሉ። የናሙናው ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ ተደርጎ የሚቀመጥበት) እንዳይጣል ላቦራቶሪውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተከሳሹ ባለሙያ «ይህ ሜሶቴሊዮማ አይደለም» ሲል ዳግም የሚመረመረው እሱ ነው።

[ምስል፦ በእጅ የሚሞላ ሠንጠረዥ]

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሕመምተኛው ጉልበት እያለው የሥራ ታሪኩ ይጻፍ፦ ዓመቱ፣ ቀጣሪው፣ ቦታው፣ የሠራው ሥራ፣ የነካው ዕቃና የአምራቹ ስም፣ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች። «ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ» ማለት ምንም አይረዳም። «የፓምፕ ጋስኬት በሽቦ ብሩሽ እፍቅ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ የዚህ ድርጅት ስም ነበረበት» ማለት ግን ለጠበቃው ተከሳሽ ይሰጠዋል። አሜሪካ የሠራ ሰው የቀጣሪዎቹን ዝርዝር በኤስኤስኤ-7050 ቅጽ ከሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ያገኛል፤ ወታደር የነበረ የዲዲ-214 ሰነዱን፣ ማለትም ከውትድርና የተሰናበተበትን ወረቀት፣ ይጨምር። ጠበቃው ቃሉን በቶሎ በቪዲዮ እንዲያስቀርጽም ይጠየቅ። በሽታው ፈጣን ነው፤ ሰውየው ካለፈ በኋላ ካርቶኑን ያየ ሌላ ሰው ላይገኝ ይችላል።

የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ለመመሥረት የሚፈቀደው ጊዜ፣ አጭር ነው። በአሜሪካ እንደየግዛቱ ሲለያይ በብዙዎቹ 2 ወይም 3 ዓመት ነው፤ 1 ዓመት ብቻ የሚሰጡም አሉ። በአብዛኛው የሚቆጠረው ሰውየው ከተጋለጠበት ዘመን ሳይሆን በሽታው ከታወቀበት ቀን ነው። ሕመምተኛው ከሞተ ለወራሾቹ በአብዛኛው ሌላ ቆጠራ ይጀምራል።

አምራቹ ከስሮ ከሆነስ? የአሜሪካው የአስቤስቶስ ዕቃ አምራች ጆንስ-ማንቪል እ.ኤ.አ. በ1982 ለኪሳራ ካመለከተ በኋላ ለተጎጂዎች የተለየ የአደራ ፈንድ ተቋቁሟል፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከትለውታል። ለፈንድ የሚቀርብ ጥያቄ ፍርድ ቤት መቆም አያስፈልገውም። ነገር ግን ገንዘቡ ለሚመጡት ሕመምተኞችም መብቃት ስላለበት ከተተመነው ካሳ የተወሰነ መቶኛ ብቻ ይከፈላል። ለየፈንዱ የሚሰጠው ቃል እርስ በርሱም ሆነ ከፍርድ ቤቱ ቃል ጋር መስማማት አለበት፤ ከተጋጨ ተከሳሹ ይዞት ይቀርባል።

ጠበቆቹ ብዙውን ጊዜ የሚከፈሉት ካሳው ሲገኝ በመቶኛ ነው፤ ሲሶ አካባቢ የተለመደ ነው። ማስታወቂያው የሚያጎላው «በነፃ» የሚለውን ስለሆነ ውሉን ራስዎ ያንብቡና ጠበቆቹን ይጠይቁ፦ መቶኛው የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ጉዳዩን እናንተው ትይዙታላችሁ ወይስ ለሌላ ቢሮ ታስተላልፋላችሁ? ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) የከፈለውን የሕክምና ወጪ ከካሳው ላይ ሊጠይቅ እንደሚችልም አስቀድመው ያስቡ።

[ምስል፦ የስምምነት ሰነድ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰምሮበት]

አስቤስቶሲስ ካንሰር ሳይሆን የሳንባ ጠባሳ ነው፤ ያለበት ሰው ግን ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ለአስቤስቶሲስ ካሳ ሲስማሙ ሰነዱ ላይ «ወደፊት ለሚከሰት ማንኛውም በሽታ አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለ፣ የወደፊቱ የካንሰር ጥያቄ መብት ተለይቶ እንዲጠበቅ ጠበቃዎ ሳያስተካክለው አይፈርሙ።