ራልፍ ካር፣ የኮሎራዶ ገዥ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ ብዙዎቻችን ኑሯችንን የመሠረትንባትን ኮሎራዶን ከ1939 እስከ 1943 ያስተዳደሩትን ራልፍ ካርን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካር በ1887 የተወለዱት ኮሎራዶ ውስጥ በምትገኘው ሮዚታ ሲሆን፣ ያደጉት ግን ክሪፕል ክሪክ በተባለች የወርቅ ማዕድን ከተማ ነው። ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ከተመረቁ በኋላ አብዛኛው ሕዝብ ስፓኒሽ ወደሚናገርባት ወደ አንቶኒቶ ወርደው በጥብቅና ሙያ ተሠማሩ፤ የአካባቢውን ጋዜጣ እያዘጋጁም የደንበኞቻቸውን ቋንቋ ተማሩ። የጎረቤቱን ቋንቋ ለመማር የደከመ ሰው ያንን ጎረቤት በጅምላ ለመጠርጠር ይከብደዋል ብዬ ስለማምን ይህን ዘመናቸውን በዋዛ አላልፈውም።

በፖለቲካ አቋማቸው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን የኢኮኖሚ መርሐ ግብር የሚቃወሙና የመንግሥት ወጪ እንዲቀነስ የሚሟገቱ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ አሜሪካ ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ሳለች፣ ሩዝቬልት ጦሩ ከመረጣቸው አካባቢዎች ማንንም ማስወጣት እንዲችል የሚፈቅድ ትእዛዝ ፈረሙ፤ በዚህም ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከምዕራብ ጠረፍ ቤታቸው ተነቀሉ። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ግን አገሪቱ ውስጥ ምንም ያህል ዘመን ቢኖሩ ዜግነት እንዳያገኙ ሕግ ይከለክላቸው ነበር። እዚህ ላይ ሳልቆም ማለፍ አልችልም፤ የእኛም ልጆች እዚህ የተወለዱ፣ በወላጆቻቸው አገር ስም የሚጠሩ ዜጎች ናቸውና።

በዚያው ዓመት አፕሪል የምዕራብ ግዛቶች ገዥዎች ሶልት ሌክ ሲቲ ሲሰበሰቡ ብዙዎቹ ተፈናቃዮቹ ወደ ግዛታቸው እንዳይመጡ፣ ከመጡም በዘብ እንዲጠበቁ ጠየቁ። ካር ግን ኮሎራዶ ትቀበላቸዋለች አሉ። ክርክራቸው የሕግ ባለሙያ ክርክር ነበር፤ ዜጋ ያለ ክስና ያለ ፍርድ መብቱን የሚነጠቅ ከሆነ የማንም መብት ዋስትና እንደሌለው አስረዱ። ለተቆጣ ሕዝብም እነሱን የሚጎዳ እሳቸውንም መጉዳት እንዳለበት፣ የዘር ጥላቻን ነውር ባደጉባት ትንሽ ከተማ እንዳዩትና እንደተጸየፉት ተናገሩ።

ይህን ስል እውነቱን ሳላጎድል ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ግራናዳ አጠገብ የተሠራውን አማቺ የተባለውን ካምፕ ካር አላስቀሩም፤ በጦርነት ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔ ነው ብለው ተቀበሉት። ከ7,000 የሚበልጡ ሰዎች በእሾሃማ ሽቦ ታጥረው፣ ከማማ ላይ ወታደር እየጠበቃቸው ኖሩበት። ካር ግን ከዚያ ካምፕ አንዲት ወጣት ወደ መኖሪያቸው አስመጥተው በሥራ ቀጠሯት፤ ገዥው ቤታቸውን ለማን እንደከፈቱ ሕዝቡ እያየ ነው ይህን ያደረጉት።

በኖቬምበር 1942 ለሴኔት ሲወዳደሩ የገጠሟቸው ኤድዊን ጆንሰን ናቸው፤ ጆንሰን በ1936 ገዥ ሳሉ ድሃ መጤዎችን ለማገድ ብሔራዊ ዘብ አሰማርተው የግዛቲቱን ደቡባዊ ድንበር ዘግተው የነበሩ ሰው ናቸው። ካር ከ4,000 ባነሰ ድምፅ ተሸነፉ። ለሽንፈታቸው ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ በነበረበት ምርጫ ለጃፓን ተወላጆች መቆማቸው ዋጋ እንዳስከፈላቸው አልጠራጠርም።

በ1950 እንደገና ለገዥነት ታጭተው ሳለ፣ ድምፅ ሳይሰጥ በሴፕቴምበር አረፉ። ኮንግረስ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ተፈናቃዮች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ የፈቀደው በ1988 ነው። ሕጉ ለበደሉ ሦስት ምክንያቶችን ይጠቅሳል፤ የዘር ጥላቻን፣ የጦርነት ጊዜ ስጋትንና የፖለቲካ አመራር ጉድለትን። እኔ፣ ካምፑን አለማስቀረታቸውን እያወቅሁም፣ የካርን ስም ከሦስተኛው ምክንያት ውጭ አደርገዋለሁ።