«ምጽዋት» ከደንባችን ይውጣ? የሊቀመንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሥራና ሒሳብ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡ እኔ አልሻማቸውም። የማነሣው መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ነች። ወጣት አባሎቻችን «ምጽዋት» ወጥቶ «ማኅበራዊ ድጋፍ» ይግባ ብለዋል። ምክንያታቸው ይገባኛል። ዛሬ «ተመጽዋች» ስድብ ሆኗል፤ አገርን ሊነቅፍ የፈለገ ሁሉ የሚመዘው ይህንኑ ነው።

ሲወለድ ግን እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት «ምጽዋት»ን ከአይሁድ አራማይክ ወደ ግዕዝ ከገቡት ቃላት ይመድበዋል፤ «ኦሪት» እና «ጣዖት»ም ከዚያው ወገን ናቸው። የምንጩ ትርጉም «ትእዛዝ» ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው 13 ዓመት ሲሞላው የሚያከብሩት «ባር ሚጽቫ» ላይ ያለው ቃል ያው ነው፤ «የትእዛዝ ልጅ» እንደማለት። ከትእዛዛቱ ሁሉ ለድኻ መስጠት ጎልቶ ስሙን ጠቅልሎ ወሰደው፤ ግዕዝም በዚህ ትርጉሙ ተቀብሎ «መጽወተ» የሚል ግስ አወጣለት።

እንግዲህ ሰጪው ታዟል። የታዘዘ ሰው ውለታ አይቆጥርም። ሙስሊም አባሎቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፦ ዘካ ግዴታ ነው፤ ልኩን ደርሶ ዓመት ከሞላው ገንዘብ 2.5 በመቶ። ሰደቃ በፈቃድ ቢሆንም ሥሩ ከእኛው «ጽድቅ» ጋር አንድ ነው።

ተቀባዩስ? የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ አገሩ «የኔታ» ብሎ ይነሣለታል፤ ቁራሽ የዘረጉለት እናቶች ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥርላቸው ዘንድ ይልኩለታል። መለመኑ ያላዋረደውን ሰው ቃሉ ያዋርደዋል ብዬ አላምንም።

በእኔ አስተያየት የሚያዋርደው አሰጣጡ ነው። አረጋዊን ዘይትና ዱቄት አስታቅፎ ፎቶ ማንሣት፣ ያንንም በየፌስቡኩ መለጠፍ፣ «ድጋፍ» ተባለም «ስጦታ» ነውሩ አይለቅም። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለውስ ስለዚሁ ስለ ምጽዋት አይደል?

ስለዚህ ደንቡ ላይ ስንደርስ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ቃሉ ይቆይ፣ የተቀባዮች ፎቶ ይቅር። ድምፁ የእናንተ ነው፤ ወጣቶቹም እንዲሞግቱኝ እፈልጋለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ሪፖርቱን ያቅርቡልን።